ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

የአክስቴ ቀብር ዕለት ዕድሩ ያላደረገው ነገር አልነበረም። መርዶው የተሰማው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ፣ ብረት ድስቱና ብርጭቆው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ወጣ። ተረኞቹ ሴቶች ንፍሮ ቀቀሉ፣ ሽንኩርት ላጡ። ወንዶቹ መቃብር ለማስቆፈርና አውቶቡስ ለመከራየት ተከፋፈሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሐዘንተኛው ለአንዲት ደቂቃ ብቻውን አልሆነም። እኔም ከዓመት ፈቃዴ ላይ ሦስት ቀን አስፈቅጄ ከድንኳኑ አልወጣሁም።

በሠልስቱ ማታ፣ ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ የአክስቴ ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ናት፤ ድምጿ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። በድንኳኑ ውስጥ የቀረውን ሰው አንድ በአንድ አየችና እንዲህ አለችኝ፦

«ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ሌሊት መጥቶ ቢያድርልኝ ኖሮ፣ እማዬ ስትሞት ነቅቼ እገኝ ነበር።»

አክስቴ ያረፈችው ሊነጋጋ ሲል ነው። ልጇ አምስት ሌሊት ሙሉ ስታገላብጣት፣ ከንፈሯን ስታረጥብላት፣ አብራት ስታቃስት ከርማ፣ በስድስተኛው ሌሊት ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ እናቷ የለችም።

እኔ በአክስቴ የሰባት ወር ሕመም የሄድኩት አራት ጊዜ ነው። አራቱንም ጊዜ ብርቱካንና የታሸገ ጭማቂ ይዤ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ፣ «አይዞሽ፣ ይሻልሻል» ብዬ፣ የተፈላልኝን ቡና ጠጥቼ ወጥቻለሁ። ቡናውን ያፈላችልኝ ያቺው እንቅልፍ ያጣችው ልጅ ናት። የገበያ ጥናት ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ያውለኛልና ይህንንም ሂሳብ ሳልፈልግ ሠራሁት። ለሕመሟ በድምሩ ሁለት ሰዓት፣ ለቀብሯ ሦስት ቀን። አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በጠና የታመሙ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ከሚንከባከቡ ነርሶች ጋር በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ያየሁትና የተማርኩት በየቤታችን የሚያጋጥም ስለሆነ ላካፍላችሁ።

ከሞቱ አሟሟቱ

«ከሞቱ አሟሟቱ» ይባላል። ሆስፒስ የሚባለው አገልግሎት መነሻው ይኸው ነው። በሽታውን ማዳን ባይቻል እንኳ ስቃዩን፣ ፍርሃቱንና ብቸኝነቱን መቀነስ ይቻላል ከሚል እምነት የተነሳ ነው።

ለዘመናዊው ሆስፒስ መሠረት የጣለችው እንግሊዛዊቷ ሲሲሊ ሳውንደርስ ናት። መጀመሪያ ነርስ ነበረች፤ ቀጥላ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆነች፤ በመጨረሻም ሕክምና ተምራ ሐኪም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። ትልቁ ትምህርቷ የሕመምተኛው ስቃይ በአካሉ ላይ ብቻ የሚያበቃ አለመሆኑ ነው። ያልደረሱ ልጆቹ ነገር ያመዋል። የቤት ኪራዩ ያመዋል። ከወንድሙ ጋር ሳይታረቅ መቅረቱ ያመዋል። «ፈጣሪ ለምን እኔን?» የሚለው ጥያቄም ያመዋል። ለዚህ ሁሉ አንድ ሐኪም አይበቃም። ነርስ፣ የነፍስ አባት፣ ጎረቤትና በጎ ፈቃደኛ ያስፈልጋል።

ከሆስፒስ ጋር አብሮ የሚነሳው ቃል ፓሊየቲቭ ኬር ነው፤ ስቃይን የማስታገስ እንክብካቤ ማለት ነው። ብዙዎቻችን «ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ የሚሰጥ» ይመስለናል። ከዋናው ሕክምና ጎን ለጎን፣ በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ሊሰጥ የሚችል ነው። ሆስፒስ ደግሞ የመዳኑ ተስፋ ሲመነምን ቀሪውን ጊዜ በክብር ለማሳለፍ የሚሰጠው ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በየዓመቱ ይህን እንክብካቤ የሚሻው ሰው 56.8 ሚሊዮን ይደርሳል፤ የሚያገኘው ግን 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው።

በአፍሪካዊቷ አገር ኡጋንዳ፣ ሐኪሟ አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን መሠረቱ። በአገራችንም በሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲንከባከብ ቆይቷል። ሆስፒስ ሲባል የግድ ሕንፃና አልጋ አይታሰብ። እኛ አገር አልጋው ሕመምተኛው የተኛበት የራሱ አልጋ ነው፤ ነርሷ ቦርሳዋን ይዛ ትመጣለች።

«የምትገንዙኝ መሰለኝ»

የሕመምተኞቹ ማንነት እንዳይታወቅ ስል የማገለግልበትን ቡድን ስም አልጠቅስም። ሥልጠናው ሁለት ቅዳሜና እሑድ ወሰደ። አብረውኝ የሰለጠኑት ጡረታ የወጡ መምህር፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ ሁለት የቤት እመቤቶችና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኛችን፣ የብዙ ዓመት ልምድ ያላት ነርስ፣ ከቤት እመቤቶቹ አንዷን አልጋ ላይ አስተኛቻት። የቀረነውን «ጠይቋት» አለችን። እንደለመድነው አልጋዋን ከብበን ቆመን፣ እጃችንን አጣምረን፣ አንገታችንን ሰበር አድርገን «እንዴት ነሽ?» አልናት። ሲስተር የተኛችውን ሴት «ምን ተሰማሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«የምትገንዙኝ መሰለኝ» አለች።

ሳቅን። ትምህርቱ ግን አልተረሳኝም። የታመመ ሰው ዘንድ ስትገቡ ተቀመጡ። ዓይናችሁ ከዓይኑ እኩል ይሁን። በርከት ብላችሁ አትግቡ። እሱ ካላወራ እናንተም አታውሩ።

ቀጥሎ የማናደርጋቸውን ነገሮች ተማርን። መድኃኒት አንሰጥም፤ መጠኑንም አንለውጥም። «ለእከሌ ይህ ቅጠል ረድቶታል» አንልም። የራሳችንን ሃይማኖት አንሰብክም፤ ሕመምተኛው የራሱን ጸሎት አንብቡልኝ ካለን ግን እናነባለን። ገንዘብ አንሰጥም፣ አንቀበልም። ፎቶ አናነሳም። በቤቱ ያየነውን ውጪ አናወራም። በመጨረሻም፣ «ይሻልዎታል» አንልም።

ለእኔ የከበደኝ ይህ የመጨረሻው ነበር። እንጀራዬ ምርት ማስተዋወቅ ነው፤ አፌ ተስፋ መስጠት ለምዷል። «ታዲያ ምን እንበል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሲስተር፣ «ዛሬ እንዴት አደሩ በይ። መልሱን ደግሞ እስከ መጨረሻው ስሚ» አለችኝ።

አራተኛ ፎቅ

የመጀመሪያዋ ሕመምተኛዬ የማሕፀን በር ካንሰር የነበረባቸው የስልሳ ምናምን ዓመት እናት ናቸው። ስማቸውን ትቼ እማማ እላቸዋለሁ፤ እዚያ ቤትም የምጠራቸው እንዲሁ ነበር። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ በሌላው ቀን በጀሪካን ከታች ይወጣል። የምታስታምማቸው የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ከሱቅ ሽያጭ ሥራዋ ከወጣች ስምንት ወሯ ነበር። ትልቋ ልጃቸው ዱባይ በሰው ቤት ትሠራለች፤ የመድኃኒቱንና የቤቱን ወጪ የምትልከው እሷ ናት።

ልማድ ሆኖብኝ ያኔም ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። እማማ አፋቸው ውስጥ ቁስል ስለነበር ብርቱካኑ ያቃጥላቸዋል። ልጅቷ በትህትና ተቀብላ ማእድ ቤት አስቀመጠችው። እዚያ ሦስት ፌስታል ብርቱካን ነበር።

«ምን ልርዳሽ?» አልኳት።

«ምንም፤ እግዜር ይስጥልኝ። መምጣትሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።»

ቡና አፈላችልኝ። ጠጥቼ ወጣሁ። ሲስተርን መንገድ ላይ «አልፈልግም አለችኝ» ብላት ሳቀች። «አንቺ ብትሆኚስ ለእንግዳ ሽንት ቤቴን እጠቢልኝ ትያለሽ? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። አትጠይቂያት፤ ንገሪያት። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት እኔ አለሁ፣ አንቺ ሂጂ ተኚ በያት» አለችኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ እንደዚያ አልኳት። ልጅቷ በሩ ላይ ብዙ ቆመች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ፍራሹ ላይ ጋደም አለች፤ ሁለቱንም ሰዓት አልተንቀሳቀሰችም። በሦስተኛው ቅዳሜ «ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣችና ሹሩባ ተሠርታ ተመለሰች። እማማ ከትራሳቸው ቀና ለማለት እየሞከሩ ተመለከቷት።

«እሰይ!» አሉ። «አሁን ልጄን መሰልሽ።»

በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ትልቅ ነገር አልሠራሁም። ሲስተር ባሳየችኝ መንገድ ከጎን ወደ ጎን አገላብጣቸዋለሁ፤ መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ የመኝታ ቁስል ያወጣል። ከንፈራቸውን በረጠበ ጥጥ አረጥባለሁ። እግራቸውን በቅባት አሻለሁ። ሲሉኝ ውዳሴ ማርያም አነባለሁ። ሲደክማቸው ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ምግብ አልፈልግም ሲሉ አላስገድድም። «ካልበላሽ እንዴት ትድኛለሽ» እያልን በማንኪያ የምንታገለው ከፍቅር ነው፤ ዳሩ ግን በመጨረሻው ዘመን ሰውነት ምግብ መፈለጉን መተዉ ተፈጥሯዊ ነው፤ መዋጥ የተሳነውን ሰው ማስገደድ ደግሞ ትን ሊያስብል ይችላል። ሁለት ማንኪያ አጥሚት ከፈለጉ ሁለት ማንኪያ ይበቃል።

ሁሉም የሚያውቀው ምስጢር

በመጀመሪያው ቀን ገና ከበር ሳልገባ ልጅቷ ክንዴን ይዛ፣ «ካንሰር መሆኑን አታውቅም። ኢንፌክሽን ነው ብለናታል። እንዳትነግሪያት» ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር። ይህ የብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ታሪክ ነው። ውጤቱን የሚሰማው ልጅ ወይም ወንድም ነው፤ ባለቤቱ «ቀላል ነው» ይባላል።

በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቅዳሜ እማማ ልጃቸውን ሱቅ ላኳትና እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ በሽታዬን እኮ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ያጠገቤ አልጋ የተኛችው ሴትዮ ነግራኛለች። ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው የማላውቅ የምመስለው።»

እናት ልጆቿ እንዳይደነግጡ፣ ልጆቿም እናታቸው እንዳትደነግጥ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ ተደባብቀዋል። እኔ እውነቱን እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ፤ መዋሸትም አልችልም። በሥልጠናው የተማርኩትን አስታውሼ ጠየቅኋቸው፦ «እማማ፣ ለማን ሊነግሩት ይፈልጋሉ?»

ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ለትልቋ» አሉ። «ሥራዋን ጥላ እንድትመጣ አይደለም። ሳልመርቃት እንዳልሞት ነው።»

ለሲስተር ነገርኳት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ለብቻችን እንድንሸከም አይፈቀድልንም። ሲስተር ልጅቷን ለብቻዋ አነጋገረቻት። በሳምንቱ እሑድ ማታ ሁለቱ ልጆች፣ አንዷ በስልክ አንዷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከእናታቸው ጋር ተነጋገሩ። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ልጅቷ እንደነገረችኝ መጀመሪያ ሁሉም አለቀሱ። ከዚያ እማማ መረቁ። የት መቀበር እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ከእህታቸው ጋር ለዓመታት የተኳረፉበትን የመሬት ነገር አንስተው «ጥሯት» አሉ፤ እህትየዋ በሳምንቱ መጣች። ዱባይ ያለችው ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ በየማታው እየደወለች፣ ስልኩን በእናቷ ጆሮ አጠገብ አስደርጋ ስለ ውሎዋ ታወራላቸው ጀመር።

እኛ መርዶ መንገር የምናውቅበት ሕዝብ ነን። የሚናገረውን ሰው እንመርጣለን፣ ሰዓቱን እንመርጣለን፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ቀድመን ሰው እናዘጋጃለን። ያንን ጥንቃቄ ለበሽታው ዜና ብንጠቀምበት ስንት ምርቃት፣ ስንት ዕርቅ ሳይባክን በቀረ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ ከባለቤቱ የተደበቀ በሽታ ደግሞ ስንብትም አይገኝለትም። ይህን ስል ሁሉም ሰው ሁሉንም ይስማ ማለቴ አይደለም። ማወቅ የማይፈልግ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። መጀመሪያ ግን ይጠየቅ።

ፍሪጅ ላይ ያለው ጠርሙስ

እማማ ሌሊት ሌሊት ይሰቃዩ ነበር። ፍሪጁ ላይ ሐኪም ያዘዘላቸው የሞርፊን ሽሮፕ ነበር፤ ጠርሙሱ ግን ብዙም አይጎድልም። ልጅቷ፣ «ሱስ ያስይዛታል፣ ሞቷንም ያፋጥናል ሲሉ ሰምቼ ነው። ሲብስባት ብቻ ትንሽ እሰጣታለሁ» አለችኝ። እኔ መልስ ለመስጠት አልተፈቀደልኝም። ወዲያው ለሲስተር ደወልኩ።

ሲስተር መጥታ እንደ ልጅ አስረዳቻት። ሞርፊን ለከባድ ሕመም በትክክለኛ መጠን ሲሰጥ ሱሰኛ አያደርግም፤ ሞትንም አያፋጥንም። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በታዘዘው ሰዓት ይሰጣል። ሕመሙ አንዴ ከገነፈለ በኋላ መመለሱ ይከብዳል። የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። መጀመሪያ ላይ ድብት ሊያደርግ ይችላል፤ የተለየ ነገር ካየሽ ደውይልኝ አለቻት። ከዚያ መድኃኒቱ የሚሰጥበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ በራቸው ስር ስለምታልፈው የጎረቤት ሕፃን እየሳቁ አወሩኝ። ሳቃቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ተራ የያዙ ጎረቤቶች

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሲመጡ ሁለት ሰዓት እንደማይበቃ ገባን። ልጅቷ እንደ አክስቴ ልጅ መገርጣት ጀምራለች። ሲስተር የብሎኩን የዕድር ዳኛ አነጋገረቻቸው። ዳኛው ቅን ሰው ናቸው፤ ግር ብሏቸው፣ «እኛ እኮ የምንሠራው ሰው ሲያርፍ ነው» አሉ። ሲስተርም፣ «አውቃለሁ አባቴ፤ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ ነው የምላችሁ» አለቻቸው።

ለንፍሮና ለወጥ ተራ የሚመድበው ያው ደብተር ወጣ። ስድስት ሴቶች የማደሪያ ሌሊት ተከፋፈሉ። ሁለት ጎረምሶች ውኃ ማውጣቱን ያዙ። አንዲት ጎረቤት በየሁለት ቀኑ አንሶላውን ወስዳ ታጥብ ጀመር። ገንዘብ አልተዋጣም፤ ስብሰባም አልተጠራም።

እማማ ያረፉት ማክሰኞ ሌሊት ነው። ተረኛዋ ጎረቤት የአተነፋፈሳቸውን መለወጥ አይታ፣ ጓዳ ተኝታ የነበረችውን ልጅ ቀሰቀሰቻት። ልጅቷ ተነስታ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ዱባይ ደወለች፤ ስልኩን በጆሯቸው አጠገብ አደረገች። ሰዓት ያህል እንደዚያ ቆዩ።

በማግስቱ ድንኳኑ ስር ሳገኛት የነገረችኝ አንድ ነገር ነው፦ «እጇን ይዤ ነበር።»

ድንኳኑ የሁለቱም ቀብር አንድ ዓይነት ነበር። አግዳሚው፣ ንፍሮው፣ ለቅሶውም ያው። የአክስቴ ልጅና ይህች ልጅ ግን ከድንኳኑ ይዘውት የወጡት ነገር ለየቅል ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ስድስት ሌሊት የተከፋፈሉ ስድስት ሴቶች ናቸው።

አርባው ካለፈ በኋላ ጠያቂ ይቀንሳል። አስታማሚ የነበረ ሰው ደግሞ ያኔ ነው ባዶነቱ የሚሰማው። ልጅቷ ለወራት በመድኃኒቱ ሰዓት፣ ሌሊት ዘጠኝ ላይ እየባነነች ትነሳ ነበር። ስለዚህ ቡድናችን ከቀብር በኋላም ደጋግሞ ይጠይቃል። እኔም ሄድኩ። ብርቱካን አልያዝኩም፤ አብረን ቡና አፈላን፤ ሥራ ለመፈለግ የሚያስፈልጋትን ማመልከቻ አብረን ጻፍን።

ዕድሮቻችን ያውቁበታል

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ በየቤቱ ሰው በጣለበት ዘመን፣ በአዲስ አበባ በርካታ ዕድሮች ከረድኤት ድርጅቶች ጋር ሆነው የቤት ለቤት አስታማሚዎችን አሰማርተው ነበር። ሰው እርስ በርሱ በሚፈራራበት ጊዜ የሠራነውን ዛሬ ለካንሰር፣ ለኩላሊትና ለልብ ሕመምተኛ መሥራት አያቅተንም።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያሳያል። በሕንድ ኬረላ ግዛት የሰፈር ነዋሪዎች እንዲህ ያለውን እንክብካቤ በራሳቸው መረብ ያደራጁ ሲሆን፣ ከአንድ በጎ ፈቃደኛ ሲጠየቅ የነበረው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ነው። በአሜሪካ ደግሞ ሜዲኬር የሚከፍላቸው ሆስፒሶች ለሕመምተኞች ከሚሰጡት የእንክብካቤ ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶውን በበጎ ፈቃደኞች እንዲሸፍኑ ሕጉ ያዛል። እዚያ ያላችሁ ወገኖች፣ ሰፈራችሁ ባለ ሆስፒስ ውስጥ አማርኛ የሚናፍቅ አንድ አረጋዊ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሳምንት የሚጀመር ነገር

ሥልጠና እስኪያገኙ ድረስም የታመመ ጎረቤት ወይም ዘመድ ካለዎት እነዚህን ማድረግ ይችላሉ፦

• ከመሄድዎ በፊት ይደውሉ። ሕመምተኛው የሚተኛበትን፣ የሚታጠብበትን ሰዓት ይጠይቁ።

• «ምን ልርዳ?» ከማለት ይልቅ ቀንና ሰዓት ይንገሩ። «ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እኔ አለሁ» ይበሉ፤ ያሉትንም ሰዓት ያክብሩ። የሚጠብቅዎት ሰው እንቅልፉን በእርስዎ ላይ ጥሎ ነው።

• ቡና እንዳይፈላልዎት ቡናውን በፔርሙዝ ይዘው ይሂዱ።

• የሚበላ ከመግዛትዎ በፊት ምን እንደሚስማማው አስታማሚውን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ዳይፐር፣ ሳሙና፣ ለስላሳ ፎጣ ወይም የሞባይል ካርድ ነው።

• ስለ ሌላ ሰው ሞት፣ ስለ ሌላ ሰው ተአምራዊ ፈውስም አያውሩ። መድኃኒቱን ትተው ሌላ እንዲሞክሩ አይምከሩ። ጸበል መሄድ ወይም ዱዓ ማስደረግ የሚፈልግ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲሄድ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

• አስታማሚውን ይመልከቱ። «አንቺስ በልተሻል? ተኝተሻል?» የሚለው ጥያቄ ለብዙ አስታማሚ ከወራት በኋላ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

• በዕድርዎ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ያንሱ፦ በጠና የታመመ አባል ላለበት ቤት የአዳሪ ተራ እንመድብ።

• ወረፋው ለእርስዎም ከባድ ሊሆን እንደሚችል ይወቁ። ሳምንቱን ሙሉ ለመዋል ቃል ገብቶ ከመቅረት በሳምንት ሁለት ሰዓት ሳያቋርጡ መሄድ ይሻላል። እኔም ከእማማ በኋላ አንድ ወር አርፌያለሁ፤ ቡድኑ ያስገድዳል።

የዓለም የሆስፒስና የፓሊየቲቭ ኬር ቀን በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ወር ሁለተኛ ቅዳሜ ይከበራል፤ እኛ ጋ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይውላል። ለመጀመር ግን እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልግም።

የአክስቴ ልጅ ያንን ሌሊት ዛሬም አልረሳችውም። «ሐኪሙ ሰዎች አንዳንዴ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው የሚሄዱት ብሎኛል፤ ይሁን እላለሁ፤ ግን…» ትለኛለች። ከዚያ በላይ አትናገርም። እኔም «እርሺው» አልላትም፤ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ባለፈው ወር ማታ ደወለችልኝ። ከእሷ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ አባት በጠና ታመዋል፤ የምታስታምማቸው ልጃቸው ብቻ ናት።

«ብርቱካን ይዤ ልሂድ እንዴ?» አለችና ሳቀች። የቀልዷን ነው፤ ያ ብርቱካን በቤተሰባችን መቀለጃ ሆኗል።

«ምን አሰብሽ ታዲያ?» አልኳት።

«ጋቢዬን ይዤ ነው የምወርደው። ልጅየዋ ዛሬ ትተኛለች።»